የቆመውን አጥፋ

አርብ ነበር፣ ሲመሽ፤ ዝናቡ ሳይዘንብብኝ
ማራኪ ልድረስ ብዬ ጥድፊያ ይዞኝ፣
ለኤጀንቱ መሣሪያ መግለጫ ስጽፍለት
እንዲህ ያለች አንዲት መስመር ተውሁለት፦

«የቆመውን ኮንቴይነር ያጠፋል።»

አራት ነጥብ። ላፕቶፔን ዘጋሁ።

እኔ ‹የቆመ› ስል ሥራውን ያቆመ፣
ዲስክ ላይ ቦታ ይዞ በከንቱ የከረመ።
እሱ ግን ሲያነበው በእግሩ የቆመውን፣
የሚሠራውን፣ ሕያው፣ ሰው የሚጠብቀውን።
‹ማጥፋት›ስ? እንደ አምፖል ነው፣ በጣት ተጭነው፣
ወይስ ከነሥሩ?
ያንንም አልነገርሁት።

ሰኞ ጧት የውሃ ክፍያ ሰልፉ
ከበሩ ተርፎ አስፋልት ላይ ጫፉ።
«ሲስተም የለም» አለች ደባሽ ከመስኮቱ፣
(ሁሌም ትለዋለች፤ ዛሬ ግን ከእውነቱ።)
ሰልፉ ቆመ። እንግዲህ ቆመ ሲባል ምን ነው?
መሄዱን አቆመ? ወይስ በእግሩ ነው?

መዝገቡን ከፈትሁት። ኤጀንቱ በትሕትና
«የቆሙትን አጥፍቻለሁ፤ ሰባት ናቸው» ይላልና፣
በምን አፌ ልቆጣ፣ የጻፍሁትን ሲፈጽም?
ቃሌን እንጂ ሐሳቤን አልሰጠሁትም።

ማታ ለአቶ እንየው አጫወትኋቸው።
ሬዲዮ ይጠግናሉ፤ መንገድ ዳር ነው ቤታቸው፣
ሰማያዊ ኮንቴይነር፣ ጣሪያው በድንጋይ የተጫነ።
«ኮንቴይነር ጠፋብኝ» ስል ደንግጠው፣ «ስንት?»
«ሰባት።» «በስመ አብ! በምን ክሬን አነሡት?»

አስረዳኋቸው። ሳቁ፣ ሳቁና ዝም አሉ።

«እኔም አምና» አሉኝ፣ «አዲስ ልጅ ቀጥሬ
‹አሮጌውን አውጣ› አልሁት ወደ ደጅ ዞሬ።
አሮጌ ያልሁት እኔ የተቃጠለ ሽቦ፤
እሱ የሰው ሬዲዮ አወጣ ሰብስቦ።
የቆሻሻውን መኪና በሩጫ ደረስሁበት።
ሦስቱን አገኘሁ። አራተኛው የባሻ በሬሁን ነበር፤
ይኸው እስከ ዛሬ ሰላም አይሉኝም።»

ከመጋረጃው ጀርባ ካርቶን አወጡልኝ፣
ሁለት ቦታ ተሰርዞ እንደገና የተጻፈ፦

«እዚህ ሳጥን ያለው የሞተ ባትሪ ነው። ይጣል።
ስም የተለጠፈበት ዕቃ ቢሰበርም አይጣልም።
ግራ ከገባህ ደውልልኝ።»

ልጁ አሁንም አብሯቸው አለ። ሲሸጥ ቀና አይልም።

ሌሊት ቁጭ አልሁ።
እኛ ነገር ሲያምረን በሁለት እንፈትላለን፣
ሰሙን ለመንገደኛ፣ ወርቁን ለወዳጅ እንላለን።
ለዚህ ግን ሰም ይበቃል፤ ወርቅ ቢኖረው ይጎዳል፤
ፊቴን አያይ፣ ጥቅሻዬን በምን ያውቃል?

«ሥራውን ጨርሶ ሰባት ቀን ያለፈውን ኮንቴይነር ይሰርዛል።
የተሰረዘ አይመለስም።
እየሠራ ያለውን ለጊዜው ለማሳረፍ በዚህ አትጠቀም፤ ‹አሳርፍ› የሚባል ሌላ መሣሪያ አለ።
የኮንቴይነሩን ሙሉ መለያ ስጥ፤ ቅጽል ስም አይበቃም።
ከተጠራጠርህ፣ ምንም ሳትነካ ጠይቅ።»

ሦስት ጊዜ አነበብሁት፣ እኔን እንደማያውቅ ሰው።
አንድ ‹እሱ› አገኘሁ፣ ማንን እንደሚል የማይለይ።
ሰረዝሁት፤ ስሙን ጻፍሁ።

ዝናቡ ሲያባራ መስኮቱን ከፈትሁ።
ግንቡ ከነጭጋጉ ቆሟል።
ንግሥናው ከቆመ ስንት ዘመን ሆነው፤
ድንጋዩ ግን ቆሟል።

ይህንን አልጻፍሁለትም።